ከየካ ወደ ዓረቢያ፦ የመንገደኛው ካሜራና የሠራተኛዋ ፎቶ

ግንቦት 26 ቀን 1902 ዓ.ም. በየካ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ባለው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ፣ ሣር ክዳን ባለው የጭቃ ቤት ውስጥ አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። አባቱ የእንግሊዝ መንግሥት ተጠሪ ሆኖ ከመጣ ገና መንፈቅ ያህል ቢሆነው ነው። እናቲቱ ልጁን በሆዷ ይዛ እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ ወዲህ በጨርጨር ተራሮች በኩል በበቅሎ ተጉዛ ነበር አዲስ አበባ የገባችው። ልጁ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ተባለ። አድጎም የዓረብን በረሃ በግመልና በእግር ያቋረጠ፣ ባለፈው ምዕተ ዓመት ከተነሡት የጉዞ ጸሐፊዎችና የጉዞ ፎቶ አንሺዎች በግንባር ቀደምነት የሚጠራ ሰው ወጣው። በ2003 እ.ኤ.አ. ሲያርፍ ከ38,000 በላይ ኔጋቲቭ ትቶ ሄዷል። ዛሬ ኦክስፎርድ ከተማ በሚገኘው የፒት ሪቨርስ ሙዚየም ተጠብቆ ተቀምጧል።

ከየካ ተነሥቶ ዓረቢያ የደረሰ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ካለፉት 30 ዓመታት ወዲህ ከየካ ሰፈሮች፣ ከፈረንሳይ ሌጋሲዮን፣ ከኮተቤ፣ ከካራ፣ ከሾላ ሴቶች ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው በቦሌ በኩል ወደ ቤሩት፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ዱባይ ወጥተዋል። እነሱም መንገደኞች ናቸው። አይተውት የማያውቁትን አገር አይተዋል፣ ቋንቋውን ለምደዋል፣ ፎቶ ተነሥተዋል፣ አንሥተዋልም። ስለ ኢትዮጵያ የጉዞ ፎቶ ታሪክ ሲወራ ግን የእነሱን ከቁጥር የሚያስገባው የለም። እኔ የማምነው የእነዚህ ሴቶች ፎቶ የአገር መዝገብ መሆኑን ነው። መሰብሰብ ያለበትም አሁን፣ ባለቤቶቹና ቤተሰቦቻቸው በሕይወት ሳሉ ነው።

ነገሩን ከሌጋሲዮኑ ቤት ልጀምር፤ እዚያም ቤት ውስጥ ከሰው አገር የመጣች ሠራተኛ ነበረችና። ትንሹን ቴሲጀር መጀመሪያ የያዘችው ሱዛና የምትባል ሕንዳዊት ልጅ ነበረች። ቀጥላ ሜሪ በክል የምትባል የ18 ዓመት እንግሊዛዊት መጣች። ከዚያ በፊት ከአገሯ ወጥታ አታውቅም። እዚህ ከማታውቀው ተራራ ሥር፣ የሰው ልጅ እያሳደገች ዓመታት ኖረች። ቴሲጀር ከብዙ ዘመን በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ የመጣችበትን ከተማ ሳይቀር ጠቅሶ በፍቅር ያነሣታል፤ ልጆቹ ያወጡላት የቁልምጫ ስም «ሚና» እንደነበረም ይነግረናል። በ18 ዓመቷ ባሕር ተሻግራ የሰው ልጅ ልትይዝ የሄደች ልጅ ለየካ ሰው እንግዳ አይደለችም። የእኛዎቹን ከሜሪ በክል የሚለያቸው እሷ ሕግ የሚጠብቃት፣ ስሟንም በመጽሐፍ የሚያሰፍርላት ቤት መግባቷ ነው።

ያ ግቢ ሌላም ታሪክ አለው። በ1909 ዓ.ም. መባቻ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱና አገሩ ሲናወጥ፣ የራስ ተፈሪ ሕፃን ልጅ አስፋ ወሰን በዚሁ ሌጋሲዮን ተሸሽጎ ነበር። የሰገሌ ጦርነት ድል ሆኖ ሠራዊቱ ወደ ከተማ ሲመለስ ትንሹ ቴሲጀር ሰልፉን አይቷል። ሕይወቱን ሁሉ የመራው ያ ትዕይንት እንደሆነ ራሱ ደጋግሞ ጽፏል።

ካሜራ በኢትዮጵያ ምድር በደንብ ሥራ ላይ ሲውል ካየንባቸው የመጀመሪያ ጊዜያት አንዱ የመቅደላ ዘመቻ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር የመጡት መሐንዲሶች የፎቶ ዕቃቸውን በበቅሎ ጭነው አምባ አምባውን አንሥተዋል። በዚያው ዓመት የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ገና በሰባት ዓመቱ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በታዋቂዋ ፎቶ አንሺ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን መነጽር ፊት ተቀመጠ። የዚያን ሕፃን ዓይን ያየ ሰው ፎቶ ለተነሺው ሳይሆን ለአንሺው ብቻ ሊሠራ እንደሚችል ይገባዋል።

ከዓመታት በኋላ ሌላ ዓይነት ፎቶ መጣ። አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን በ1905 እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የአፄ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ሆነ። ልጆቹም ሙያውን ወርሰው በንግሥት ዘውዲቱና በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቀጠሉበት። ፎቶ ቤት የገባ ሰው ልብሱን መርጦ፣ ካባውን ደርቦ፣ እጁን የት እንደሚያሳርፍ አስቦ ይነሣል። ከፎቶው ጀርባም ስሙና ዘመኑ ይጻፋል። መንገድ ላይ የተገኘው ሰው ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። የውጭ ተጓዡ ሲያልፍ ያየውን ያነሣል፣ ከሥሩም «ሴት ከነሸክሟ»፣ «ገበያተኞች» ብሎ ጽፎ ያልፋል። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር ከ1867 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. የተነሡ የኢትዮጵያ ፎቶዎችን ሰብስበው ባሳተሙት መጽሐፍ ይህ ልዩነት ቁልጭ ብሎ ይታያል። መኳንንቱ በስማቸው አሉ፤ ሠራተኛው ሕዝብ በአብዛኛው በሥራው ብቻ ነው የተጠራው።

የእንጦጦ ሴት ዕጣም ይኸው ነበር። ምኒልክ በ1870ዎቹ ከተማቸውን እዚህ ተራራ ላይ ሲቆረቁሩ ዙሪያው ደን ነበር፤ ደኑ ለቤትና ለማገዶ አለቀ። እንጨት ከመጥፋቱ የተነሣ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያቆያት በ1880ዎቹ መጨረሻ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፉ ግን ራሱ ወርዶ ምድጃ ሥር አይገባም፤ የሚያወርደው ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ከመቶ ዓመት በላይ ሴት ሆነች።

ከየካ በላይ ባለው ዳገት ሴቶቹ ጎህ ሳይቀድ ይወጣሉ። የደረቀ ቅርንጫፍ ይሰብራሉ፣ ጭራሮ ይለቅማሉ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆነውን ደረቅ ቅጠል ይጠርጋሉ። እንጨቱ በአግድም ተደርድሮ በገመድ ይታሰራል። ሸክሙ ከወገብ በላይ ያርፍና ገመዱ በትከሻና በደረት ዞሮ ይጠብቃል። ክምሩ ከተሸካሚዋ ቁመት የሚረዝምበት ጊዜ አለ። ከዚያ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ ቁልቁል ነው። ቁልቁለት ላይ ሸክም ወደፊት ስለሚገፋ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ አንገት ይቀበራል። የጥበቃ ሰው ካገኛት እንጨቱ ይወረሳል፣ የቀኑ ልፋት በዚያው ይቀራል። የዓለም የሥራ ድርጅት ጉዳዩን አስጠንቶ ነበር። በ1980ዎቹም አንዳንዶቹ ሴቶች ሸክሙን ትተው በሽመና የሚተዳደሩበት የቀድሞ ሴት እንጨት ተሸካሚዎች ማኅበር ተቋቋመ። ነጠላና ፎጣ እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ፤ ጥሩ ሥራ ነበር። ሸክሙ ግን በማኅበሩ አባላት ብቻ የሚያልቅ አልነበረም።

አሁን ይህችን ሴት የውጭ ተጓዦች ባነሷት ፎቶ ላይ ተመልከቱ። ከአስጎብኚ መጻሕፍት ጀምሮ እስከ ፖስት ካርድ፣ «እንጦጦ» ሲባል ከቤተ ክርስቲያኑና ከከተማዋ ዕይታ ቀጥሎ የምትመጣው እሷ ናት። ፊቷ አይታይም። ጎንበስ ስላለች የሚታየው ነዶውና ባዶ እግሯ ነው። መኪናው ቆሞ፣ መስኮቱ ወርዶ፣ ካሜራው ጠቅ ሲል ቀና ብላ «እኔ እገሊት ነኝ» የምትልበት አቅም የላትም። ቀና ለማለት ሸክሙን መጣል አለባት፤ ከጣለችው ደግሞ የሚያሸክማት ሰው ያስፈልጋል። ያነሷት ሰዎች ክፉዎች ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ አንዳንዶቹ ልባቸው ተነክቶ ይሆናል። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በኋላ እጃችን ላይ የቀረው ስም የሌለው ጀርባ ነው።

ወደ ቴሲጀር ልመለስ፤ ወደ ዓረቢያ የሄደበት ሥራ የተገኘውም አዲስ አበባ ነው። በጣልያን ወረራ ማብቂያ ከአርበኞች ጎን ተዋግቶ፣ ቆይቶም ደሴ ላይ የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን አማካሪ ሆኖ ነበር፤ ያ በሌጋሲዮኑ ተሸሽጎ የነበረው ሕፃን ማለት ነው። ሥራውን ለቆ አዲስ አበባ ሳለ ከአንድ የአንበጣ ምርምር ኃላፊ ጋር ተገናኘና ወደ ሩብ አል-ኻሊ በረሃ እንዲሄድ ተጠየቀ። ወዲያው እሺ አለ። ከ1945 እስከ 1950 እ.ኤ.አ. ድረስ ያን ባዶ ምድር ሁለት ጊዜ አቋረጠ። ሳሊም ቢን ካቢናና ሳሊም ቢን ጋባይሻ የተባሉት የራሺድ ጎሣ ወጣቶች አብረውት ተጓዙ። ፎቷቸው በስማቸው ተቀምጧል፤ ዛሬም ሰው ያውቃቸዋል። ይህን የቴሲጀርን ጨዋነት እንደ ትልቅ ነገር እቆጥረዋለሁ፤ አብሮት የተራበውንና የተጠማውን ሰው ስም አልባ አላደረገውም።

በጥር 1948 እ.ኤ.አ. ከሳዑዲ ንጉሥ ፈቃድ ሳይኖረው ሱለይል የምትባል ከተማ ገባና ታሰረ። ንጉሡ ዘንድ የሚሰማ የአገሩ ሰው ፊልቢ ማለደለትና ብዙም ሳይቆይ ተለቀቀ። ያለ ፈቃድ ሳዑዲ ገብቶ የታሰረ የየካ ልጅ ነው እንግዲህ። እነዚህን ሁለት ቃላት፣ «ያለ ፈቃድ» እና «ሳዑዲ»ን፣ አንድ ላይ ስሰማ በኅዳር 2006 ከሪያድና ከጂዳ በአውሮፕላን እየተጫኑ ቦሌ የወረዱት ወገኖቼ ይመጡብኛል። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ሰው ነው የተመለሰው። ብዙዎቹ ከለበሱት ልብስ በቀር የያዙት አልነበረም። ፊልቢ አልነበራቸውም።

ቴሲጀር የነዳጅ ዘይትን ጠልቶ ኖሯል። የወደዳቸውን ሰዎች ኑሮ መኪናና ገንዘብ እንደሚያጠፋው አስቀድሞ አይቶ «የዓረቢያ አሸዋዎች» በሚለው መጽሐፉ አዝኖበታል። በ1977 እ.ኤ.አ. ተመልሶ አቡ ዳቢን ሲያያት ደግሞ ኀዘኑ ጠና። እሱ ያላነሣው ግን ያ ዘይት ያቆማቸው ቤቶች የሚጸዱት በማን እጅ እንደሆነ ነው። ምናልባት በተጓዥ ዓይን በረሃው እንጂ ወጥ ቤቱ አይታይም። ከ1973 እ.ኤ.አ. የዘይት ዋጋ ንረት በኋላ የተሠራው እያንዳንዱ ቪላ ጠራጊ፣ ልብስ ተኳሽ፣ ልጅ ያዥ፣ አዛውንት አስታማሚ ፈለገ። መጀመሪያ ከእስያ፣ ቀጥሎ ከእኛ ዘንድ ሄዱ።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይላል፤ የሐበሻ ሴት በዓረብ ቤት ማገልገል በነዳጅ ዘመን የተጀመረ አይደለምና። በቀይ ባሕር በኩል ለብዙ ምዕተ ዓመት ሕፃናትና ወጣት ሴቶች ተሸጠዋል። በ1885 እ.ኤ.አ. መካ ገብቶ የኖረው ሆላንዳዊው ሊቅ ስኑክ ሁርግሮንየ ስለ ሐበሻ ሴት ባሮች በሰፊው ጽፏል፤ የመካን የጥንት ፎቶዎች ካተሙትም አንዱ ነው። በ1888 እ.ኤ.አ. ኦስፕሬይ የተባለ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከኢትዮጵያ ጠረፍ ወደ ዓረብ የሚሻገሩ ጀልባዎችን ያዘና ባሪያ ሊሆኑ የነበሩ የኦሮሞ ልጆችን አስለቀቀ። ከመካከላቸው 64ቱ ከኤደን ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ወደሚባል የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተወሰዱ። እነዚህ ልጆች ፎቶ ተነሥተዋል። ከዚያ የበለጠው ነገር ግን ሚሲዮናውያኑ ልጆቹን አንድ በአንድ አስቀምጠው፣ በአስተርጓሚ፣ «አባትህ ማነው? አገርህ የት ነው? ማን ወሰደህ? በየት በኩል መጣህ?» እያሉ ጠይቀው መጻፋቸው ነው። ስለዚህም ነው ደቡብ አፍሪካዊው ምሁርና ታጋይ ኔቪል አሌክሳንደር አያቱ ቢሾ ጃርሳ ከነዚህ ልጆች አንዷ መሆኗን ማወቅ የቻለው። አራት ጥያቄና አንድ ፎቶ ዘርን ከዘር አገናኘ።

ሳዑዲ ባርነትን በሕግ የከለከለችው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። ኮንትራት ባርነት አይደለም፤ ፈቅዳ የምትሄድ፣ ደመወዝ የምትቆጥር፣ እናቷን የምታኖር ሴት ባሪያ ተብላ ስትጠራ አልወድም። ሆኖም ካፊሉ፣ ማለትም ዋስ የሆናት አሠሪ፣ ካልፈቀደ ሥራ መቀየር፣ አንዳንዴም ከቤት መውጣት እንኳ የማይቻልበት ሥርዓት፣ ፓስፖርቷም በእመቤቷ በማዳም መሳቢያ የሚቆለፍበት ልማድ ከየት እንደመጣ ማወቅ ተገቢ ነው።

በደርግ ዘመን ከአገር መውጫ ቪዛ ማግኘት ጭንቅ ነበር። ከ1983 በኋላ መንገዱ ተከፈተ። በዚያው ሰሞን የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት አብቅቶ ቤሩት መታደስ ጀምራለች። የመጀመሪያዎቹ ሴቶች በዘመድና በደላላ ሄዱ። አዋጅ ቁጥር 104/1990 የግል ኤጀንሲዎችን በሕግ ሥር አገባ። በ2000 ወደ ሊባኖስ መሄድ ተከለከለ፤ በ2006 ደግሞ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድ በጠቅላላው ታገደ። አዋጅ 923/2008 ዕድሜዋ 18 የሞላ፣ 8ኛ ክፍል የጨረሰች፣ የብቃት ማረጋገጫ የያዘች እንድትሆን ጠየቀ። ዕገዳው በተጣለበት ዘመን ሁሉ ግን መንገዱ አልቆመም። በሱዳንና በጂቡቲ በኩል ዞረ እንጂ።

የኤጀንሲውን ፎቶ ቀረብ ብለን እንየው። ልጅቱ ሁለት ዓይነት ፎቶ ትነሣለች። አንዱ ጉርድ ነው። ሁለተኛው ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር የሚያሳይ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ እጇን ወደ ጎን ለቃ የምትነሣው ነው። ጠጉር ይታሰራል። ጌጥ የለም። ከኋላ ነጭ ወይም ሰማያዊ መጋረጃ አለ። ፎቶው በእንግሊዝኛና በዓረብኛ በተሞላ አንድ ገጽ ቅጽ ላይ ይለጠፋል፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ ያገባች ወይስ ያላገባች፣ የልጅ ብዛት፣ ቁመት፣ ክብደት፣ ልብስ መተኮስ ትችላለች ወይ፣ ሕፃን ይዛ ታውቃለች ወይ። ቤሩት ወይም ሪያድ ያለችው እመቤት ገጾቹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ ትመርጣለች። ዛሬ ምዝገባው በመንግሥት የኢንተርኔት ሥርዓት ሆኗል፤ ፎቶውም በወረቀት ሳይሆን በስክሪን ይታያል።

ይህን ቅጽ ባየሁ ቁጥር የሚገርመኝ የጎደለው ነው። የሰፈሯ ስም የለም። እናቷ ማን እንደሆነች፣ ከየት መጥታ አዲስ አበባ እንደገባች፣ ለምን እንደምትሄድ የለም። ብዙዎቹ ከወሎ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ፣ ከጎጃም መጥተው፣ ኮተቤ ወይም ፈረንሳይ አክስት ቤት አርፈው፣ ሥልጠናውን እዚህ ጨርሰው ነው የሚበሩት። ቅጹ ከላቭዴሉ መዝገብ በ100 ዓመት ያንሳል፤ ስለ ሰውዬዋ ግን ከዚያ ያነሰ ይነግረናል።

ከሄደች በኋላ ሌላ ፎቶ ይመጣል። ይህኛው የራሷ ነው። እሑድ ዕረፍት ያገኘች የቤሩት ልጅ ዶራ በሚባለው ሰፈር ከጓደኞቿ ጋር ትገናኛለች፣ ቡና ትጠጣለች፣ ቀን ከሞላላት ባሕሩ ዳር ራውሼ ወርዳ ከታላላቆቹ ዓለቶች ፊት ትቆማለች። ጠጉሯን ተሠርታለች። ቀሚሱ የጓደኛዋ ሊሆን ይችላል፤ የተደገፈችው መኪናም የእሷ አይደለም። ፎቶው ቀድሞ አገር ቤት በምትገባ ልጅ ሻንጣ፣ አሁን በኢሞ ይላካል። እናት በፍሬም አስገብታ ቡፌው ላይ፣ ከልጇ የምረቃ ፎቶ አጠገብ ታቆመዋለች። ጎረቤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

ሰዎች ይህን ፎቶ «ውሸት ነው» ይላሉ፤ ሌሎች ልጆችን የሚያማልለው እሱ ነው ብለው ይወቅሱታል። ወቀሳው እውነት አለው፤ ስንቷ ናት የጎረቤቷን ፎቶ አይታ የተነሣችው። እኔ ግን በዚህ ፎቶ ላይ መጨከን አልችልም። በሳምንቱ ስድስት ቀን በሰው ቤት ስትታዘዝ የዋለች ሴት በሰባተኛው ቀን ልብሷን መርጣ፣ ቀና ብላ፣ ካሜራውን ዓይን ለዓይን ታየዋለች። ፎቶ ቤት የገባው ባላባት ያደረገው ይህንኑ ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል የምትወርደዋ እናቷ ያላገኘችውን ነው ያገኘችው።

ሌላ ዓይነትም አለ፤ የማዳምን ሕፃን አቅፋ የተነሣችው። ሕፃኑ ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች። ፎቶው የሚደርሰው የራሷን ልጅ ወደምታሳድገው አያት ቤት ነው። ልጁ ፎቶውን ያያል። እናቱ ያቀፈችው ሌላ ልጅ ነው። አያትዬው ምን ብላ እንደምታስረዳው አስቤ መልስ አላገኘሁለትም።

ካሜራው በሌላ ሰው እጅ ሲሆን የሚሆነውን ደግሞ በየካቲት 2004 አየን። ቤሩት ከሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ አንዲት ሴት እየተጎተተች መኪና ውስጥ ስትገባ አንድ ያልታወቀ ሰው ቀረጸ። ቪዲዮው በሊባኖስ ቴሌቪዥን ታየ። ሴትዮዋ ዓለም ደቻሳ ነበረች፤ የሁለት ልጆች እናት። መጋቢት 5 ቀን በሆስፒታል ሳለች ሕይወቷ አለፈ። ራሷን እንዳጠፋች ተነገረ። ያ ቪዲዮ ባይኖር ስሟን አናውቀውም ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች ከጥር 2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሉት 20 ወራት ገደማ ሊባኖስ ውስጥ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ቢያንስ 95 የቤት ሠራተኞች መሞታቸውን መዝግቦ ነበር፤ 40ው ራሳቸውን አጠፉ የተባሉ፣ 24ቱ ከፎቅ የወደቁ። ከእነዚያ የስንቱን ስም እናስታውሳለን?

በመጋቢት 2009 ከኩዌት የመጣው ቪዲዮ ይከፋል። ኢትዮጵያዊቷ ሠራተኛ ከሰባተኛ ፎቅ መስኮት ተንጠልጥላለች፤ አሠሪዋ እጇን ከመዘርጋት ይልቅ ስልኳን ዘርግታ ቀረጸች። ልጅቱ ወደቀች፣ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈች። አሠሪዋም ታሰረች። ፎቶ ማንሣት ከሰው በላይ የሚሆንበትን ልብ ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል።

ከዚያ በኋላ ግን ስልኩ ወደ ሠራተኞቹ እጅ ገባ። ባንቺ ይመር በ2017 እ.ኤ.አ. ሊባኖስ ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር የመሠረተችው «እኛ ለእኛ በስደት» ሴቶቹ ራሳቸው በላኩት ፎቶና ድምፅ በደልን ማጋለጥ ያዘ። በ2012 ሰኔ፣ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ፣ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ሐዝሚየ በሚገኘው ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ፍራሽ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ፎቶ ዓለምን አዳረሰ። በነሐሴ ደግሞ ሳዑዲ ውስጥ የታሰሩ ኢትዮጵያውያን ወንዶች በደበቁት ስልክ ያነሡት ፎቶ በእንግሊዝ ጋዜጣ ወጣ፤ በሙቀቱ ልብሳቸውን አውልቀው፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው። ስልኩ ቢያዝ የሚደርስበትን እያወቀ ያነሣ ሰው ነው። ከዚህ የበለጠ ድፍረት ያለው የጉዞ ፎቶ አላውቅም፤ ቴሲጀር በላይካ ካሜራው ካነሣው ሁሉ ጋር ቢወዳደር እንኳ።

ከተመለሱት ብዙዎቹ ዛሬ በየካ መንደሮች አሉ። አንዳንዶቹ ሱቅ ከፍተዋል፣ አንዳንዶቹ ዳግም ለመሄድ ወረቀት ይዘዋል። አእምሯቸው የታወከውን ቤተሰብ ወደ እንጦጦ ጠበል ያወጣቸዋል፤ ቀድሞ እናቶቻቸው እንጨት ይዘው በወረዱበት ዳገት። ተራራው ላይ በ2013 መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ ወጣቱ በየቅዳሜና እሑዱ ፎቶ ይነሣበታል። ደስ ይላል። የፎቶ ባለሙያዋ አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስትም ኢትዮጵያን በራስ ዓይን የማየትን ልማድ አጠናክሯል። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1955 ጀምሮ የቆየ የፎቶ ስብስብ አለው፤ ነገሥታቱ፣ ጳጳሳቱ፣ አርበኞቹ እዚያ አሉ። ከቤሩት የተላከ የእሑድ ፎቶ፣ የኤጀንሲ ቅጽ፣ ከሳዑዲው የጂዛን እስር ቤት የወጣ የስልክ ምስል እዚያው መደርደሪያ ላይ የማይቀመጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ሥራው ከባድ አይደለም። የተቋሙ ተማሪዎች ከወረዳና ከእድር ጋር ተነጋግረው ቤት ለቤት ይሂዱ። ባለቤቷ ወይም ቤተሰቧ ከፈቀደ ፎቶው ይገለበጥና ዋናው እዚያው ይቅር። ከጀርባው ስሟ፣ የተነሣችበት ከተማና ዓመት፣ ማን እንዳነሣት፣ ከየት ተነሥታ በየት በኩል እንደሄደች ይጻፍ። ስሟ እንዲነሣ የማትፈልግ ካለች ይከበርላት። የወረቀቱ ፎቶ በእርጥበት እየላጠ ነው፤ የስልኩ ደግሞ ስልኩ ሲሰበር ወይም ኢሞው ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ቤሩት የገቡት የመጀመሪያዎቹ ልጆች እናቶች አሁን ሰባና ሰማንያ ዓመት ሞልቷቸዋል።